በሩን ተመልከት

ምንዳዬ መብራት የሚያከራየው ጫማ እንደሚሸጥ ሰው ነው። ትንሹን ከጠየቁት ትልቁን ያወጣል፤ ትልቁን ከጠየቁት ሁለት አድርጎ ያወጣል። ፒያሳ ባለችው ጠባብ ስቱዲዮው ግድግዳ ላይ የሰቀላቸው ሙሽሮች በሙሉ ፊታቸው ላይ ወተት የተደፋባቸው ይመስላሉ። «ሙሽራ ጠቁራ ከታየች ከእናቷ ጋር የምጣላው እኔ ነኝ» ይላል፣ ለጠየቀውም ላልጠየቀውም።

ልዕልት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ወደዚህ ስቱዲዮ የገባችው ለቅዳሜ አንድ ፓኔል መብራት ልትከራይ ነበር። የመጀመሪያዋ የሆነው አጭር ፊልም ሊያልቅ አንዲት ትዕይንት ብቻ ቀርታዋለች።

«አንድ ብቻ?» አለ ምንዳዬ፣ እንደተሰደበ ሰው ቅንድቡን ሰቅሎ።

«እሱንም ደመና ቢመጣ ብዬ ነው ጋሽ ምንዳዬ። መስኮቱ ይበቃኛል።»

«መስኮት! እኔ ይኸን ሁሉ ዕቃ ከአዲስ አበባ ያስጫንሁት ጎንደር መስኮት አጥታ ነው በይኛ!»

ልዕልት ሳቀች። መብራቱን ከሣጥኑ አውጥታ አበራችው፣ ቁልፉን ከቢጫ ወደ ነጭ አዞረችው፣ ብርሃኑን መዳፏ ላይ አሳርፋ አየችው። ይኸን የተማረችው በቅርቡ ነው። ድሮ መብራት ስትመርጥ የምታየው መብራቱን ነበር፤ አሁን የሚያርፍበትን ታያለች።

ምንዳዬ የመብራቱን ማቆሚያ ስታንድ እያጠፈ ወሬውን ቀጠለ። «ውሰጂ። ለጥር ግን አትምጪብኝ፤ ከጥምቀት በኋላ ያለው ቀን ሁሉ ሰርግ ነው። ያንቺ የመብራት መሞከሪያ እንኳ ሳይቀር ሊያገባ ነው።»

«የኔ ምን?»

«ዲያቆን ማስተዋል ነዋ! አባቱ መሪጌታ ኪዳነ ማርያም ትናንት መጥተው የሰርግ ቀረጻ ዋጋ ጠይቀውኝ ሄዱ። ልጅቱ የእንፍራንዝ ቄስ ልጅ ናት። ሽማግሌ የሚሄደው ገና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው፤ እሳቸው ግን እምቢ እንባላለን ብለው አልጠረጠሩም። ያግባና ይቀስስ ነው ነገሩ። ዲያቆን ሳያገባ አይቀስስማ።»

ልዕልት መብራቱን አጠፋችው። «ባትሪው ሙሉ ነው?» አለች። ድምፅዋ ደኅና ነበር። መልሱን ግን አልጠበቀችም።

የመብራት መሞከሪያ። ቃሉ የምንዳዬ አልነበረም፤ የራሷ ነበር።

* * *

የፊልሙ ታሪክ አጭር ነው። አንድ ሰው፣ ተጣልቶ ከቤት የወጣ ታናሽ ወንድሙ ይመለሳል ብሎ፣ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ በር በሩን ያያል። ልዕልት ይኸን ለአባቷ ለዶክተር ላቀው ስትነግረው «ከዚያስ?» አላት። ዶክተር ላቀው ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ሰው ነው፤ «ከዚያስ» የሌለው ነገር አይገባውም። ልጁ ለማስተርስ አዲስ አበባ ትሂድለት እንጂ፣ ከደመወዟ ካሜራ ገዝታ የሰው ቤት ለሰው ቤት መዞሯን እንደ ጉንፋን ነው የሚያየው፤ ያልፋል ብሎ ተስፋ አድርጓል።

ቤቱን ያገኘችው ከአንድ ደብር ቅጥር በታች ነው። ግንቡ ወፍራም፣ ጣራው ዝቅ ያለ፣ ወደ ምሥራቅ አንዲት መስኮት ብቻ ያለው ቤት፤ የመሪጌታ ኪዳነ ማርያም ቤት። ባለቤታቸው እማማ ለተ ማርያም ገና ጥያቄዋን ሳትጨርስ ፈቀዱላት። መሪጌታም «በበዓል ቀን እንዳይሆን፣ ዘፈንም እንዳይሆን» ብለው ተስማሙ።

እምቢ ያላት መብራቱ ነበር። መጀመሪያ ልጆች ስልክ ሰክተው የሚቀረጹበትን ክብ መብራት ይዛ ሄደች፤ የተዋናዩ ዓይን ውስጥ ነጭ ቀለበት አስቀምጦ ድመት አስመሰለው። ቀጥሎ የምንዳዬን ሁለት ትልልቅ ፓኔሎች በግራና በቀኝ ተከለች። ፊቱ እንደ ሣህን ተለጠጠ፤ ግድግዳው ላይም ሁለት ጥላ ወድቆ ሰውየው ሁለት ወንድሞቹን አስከትሎ የመጣ መሰለ። የሚጠብቀው ወንድም ቀድሞት ገብቷል ብሎ ተዋናዩ አቢ ሲስቅባት ዋለ። ሌላ ጊዜ ደግሞ የቤቱን ቢጫ አምፖል ሳታጠፋ በመስኮቱ ብርሃን ቀረጸች፤ አንዱ ጉንጭ ብርቱካን፣ አንዱ ጉንጭ ሰማያዊ ሆኖ ወጣ። ያን ቀን ካሜራዋን ይዛ ታክሲ ውስጥ አለቀሰች።

ከዚያ በኋላ ነው ሁሉንም አጥፍታ ቁጭ ብላ ቤቱን ማየት የጀመረችው። የጠዋት ፀሐይ በመስኮቷ ገብታ መደቡን ትመታለች፤ ስትመታ ግን ትፋጃለች፣ ጥላዋ እንደ ቢላ ነው። እማማ ለተ ማርያም ይኸን ሰምተው የመሪጌታን የክት ኩታ ከሣጥን አወጡላት። «መስኮቱ ላይ ስቀይው፤ እሑድ እሑድ የሚለብሱት ስለሆነ ግን እንዳታቆሽሺብኝ» አሉ። ኩታው ሲሰቀል ብርሃኑ ረግቶ፣ ለስልሶ፣ ፊት ላይ እንደ እጅ ዐረፈ። ከታች የቀረውን ጨለማ ደግሞ ልዕልት የቤታቸው አዲስ ፍሪጅ ተጠቅልሎበት የመጣውን ነጭ ፎም ጭኗ ላይ አድርጋ፣ የመስኮቱን ብርሃን ወደ አገጭና ወደ ዓይን እየመለሰች ሞላችው። ፓኔሉ ለክፉ ቀን ጥግ ቆመ።

የቀረው ሰው ነበር። አቢ ቲያትር ላይ ያደገ ጥሩ ተዋናይ ነው፤ ቀጠሮ ግን አያውቅም። እሱ እስኪመጣ ብርሃኑን የምታስተካክለው በባዶ መደብ ላይ ነበር፤ ባዶ መደብ ደግሞ አፍንጫ የለውም፣ ጥላው የት እንደሚወድቅ አይናገርም። አንድ ጠዋት የመሪጌታ ልጅ ዲያቆን ማስተዋል ከቅዳሴ ሲመለስ ያዘችው።

«እባክህ፣ እዚህ ተቀመጥልኝ።»

«ምን ላድርግ?»

«ምንም። በሩን ተመልከት።»

ተቀመጠ። ማኅሌት ቆሞ ማደር የለመደ ሰው ስለሆነ መቀመጥ አላስቸገረውም። እሷ ከካሜራው በስተግራ፣ መስኮቱ ሥር፣ ፎሙን ታቅፋ ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ትቀመጣለች፤ በሩ ከካሜራው በስተቀኝ ነው። ዓይኗን ከትንሿ ስክሪን ሳትነቅል «አገጭህን ቀና፣ ትንሽ ወደ ግራ፣ እንደሱ» ትለዋለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀረጻው ጠዋት አቢ እስኪመጣ የሚቀመጠው እሱ ሆነ።

ወሬውም በዚያው መጣ። «ምነው ጥላውን ሁሉ አታጠፊውም?» ይላታል። «ግማሹን እፈልገዋለሁ» ትለዋለች። አንድ ጊዜ ፎሙ እየተፈረፈረ ቀሚሷን እንደሚያበላሽ አይቶ፣ ጠርዙን በሙሉ በቁራጭ ጨርቅ ለብጦ፣ እንደ መጽሐፍ ሰፍቶ ሰጣት። ልዕልት ያን ስፌት ቤቷ ወስዳ ስታየው አመሸች። የዚያን ዕለት ነገሩ ገብቷት ነበር፤ ግን ለራሷ እንኳ ቃል አልሰጠችውም።

ቃል የሰጠችው ምንዳዬ ፊት ነው፣ ክፉ ቃል። ማስተዋል ስታንዱን ተሸክሞላት ስቱዲዮው ድረስ መጥቶ ነበር። ምንዳዬ ከእግር እስከ ራሱ አየውና «ይኸ ደግሞ ማነው? የወደፊቱ?» አለ። ልዕልት ደነገጠች። የምንዳዬ ምላስ ከሰዓት ሳይደርስ ፒያሳን አዳርሶ ማራኪ፣ ወላጆቿ ቤት ድረስ እንደሚገባ ታውቃለች። «ኧረ ባክህ! የመብራት መሞከሪያዬ ነው» ብላ ሳቀች። ማስተዋልም ፈገግ አለ፤ ስታንዱን ግድግዳ አስደገፈ፤ ተሰናብቶ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ስትጠይቀው ብቻ ነው የሚመልስላት። እሷ ዓይነ አፋርነት ነው ብላ አለፈችው። አሁን ግን የተከራየችውን መብራት ታቅፋ ታክሲ ውስጥ ሆና ስታስበው ሁሉም ነገር ተገጣጠመላት። እሱ ለካ ሊያገባ ነበር፤ የነገራት ግን ምንዳዬ ነው። ተናደደችበት። ንዴቱ ቢቆይላት በወደደች፤ ግን አራዳን ሳታልፍ ለቀቃትና ሐዘኑ ብቻውን ቀረ።

* * *

ዓርብ ጠዋት እናቷ ዶክተር ሸዋረጋ የመኪናዋን ቁልፍ ይዛ ወደ በሩ ስትሄድ መንገዷን አቋርጣ ተመለሰች። ሆስፒታል የሕፃናት ሐኪም ናት።

«ፊትሽ ምን ሆኗል?»

«ምንም አልሆንሁ እማዬ።»

«እኔ ቀኑን ሙሉ የማክመው አፍ ያልፈቱ ልጆችን ነው፤ የት እንዳመማቸው የሚነግረኝ የለም። ዲያቆኑ ነው?»

ልዕልት ዳቦውን አስቀመጠችው። እናቷ ወንበር ሳበች።

«ስለ ፊልሙ ስታወሪ ከሦስት ጊዜ ሁለቱን የምታወሪው ስለሱ ነው። አባትሽ ብቻ ነው ያልሰማው።»

«ሊያገባ ነው። እሑድ ሽማግሌ ይሄዳል።»

«እሱ ነው የመረጣት?»

«አባቱ ናቸው።»

ዶክተር ሸዋረጋ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አሽከረከረችው። ስትናገር ለታመመ ልጅ እናት መድኃኒት እንደምታስረዳ ነበር፣ ቀስ ብላ። «እኔ እንዲህ አድርጊ አልልሽም። አንድ ነገር ግን ዕወቂ። ቄስ አንዴ ነው የሚያገባው። ሚስቱ ብትሞት እንኳ ሌላ አያገባም። ጾሙ አለ፣ ሰው አለ፣ ዓይኑ ሁሉ አንቺ ላይ ነው። ከልብሽ ከሆነ ሂጂና ንገሪው። ልሞክረው ብለሽ ከሆነ ግን ልጁን አትንኪው፤ ነውር ነው።»

«አባዬስ?»

«አባትሽ መጀመሪያ ይጮኻል። ከዚያ ምሳውን ይበላል።»

ሄደች። ልዕልት መኪናው ከግቢ ሲወጣ ሰማች። እንደ እናቷ ቃል ራሷን መረመረችና ከልቧ መሆኑን አገኘችው፤ ያን ጊዜ ነው በደንብ የፈራችው።

* * *

ቅዳሜ የኅዳር ሰማይ ጥርት ብሎ ነጋ። ደመና የሚባል የለም፤ የምንዳዬ ፓኔል ከሣጥኑም መውጣት አያስፈልገውም ነበር። እማማ ለተ ማርያም ደጃፉ ላይ ሰሌን አንጥፈው ጌሾ ያሰጣሉ። መሪጌታ ተማሪዎቻቸው ጋር ናቸው። አቢ፣ ታሪክ ሊሠራ ነው መሰል፣ በሰዓቱ መጣ።

ማስተዋል ኩታውን ሰቅሎ ጨርሷል። ፎሙን በርጩማው ላይ አስቀምጦላታል። «እንደምን አደርሽ?» አላት፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» አለችው፤ ከዚያ እሱ ጥግ ቆመ፣ እሷም ካሜራዋ ውስጥ ገባች።

አቢ መደቡ ላይ ተቀምጦ በሩን ተመለከተ፤ ዓይኑ በቅርብ የሚታይባት ትዕይንት ይህች ብቻ ናት። መስኮቱ ያው ነው፣ ኩታው ያው ነው፣ ፎሙ ጭኗ ላይ ነው። ጉንጩ አማረ፤ የአፍንጫው ጥላ ለስላሳ ሆነ። ዓይኖቹ ግን ጨልመዋል። ጥቁረታቸው አይደለም የቸገራት፤ ብሌኑ ላይ የምትቀመጥ አንዲት ነጭ የብርሃን ነጥብ አለች፣ እሷ ናት የጠፋችው። እሷ የሌለችበት ዓይን ሰው የሌለበት ቤት መስኮት ነው፤ ተዋናዩ የፈለገውን ያህል ቢያዝን ተመልካች አያምነውም።

ፎሙን ከፍ አደረገች። ዝቅ አደረገች። ወደ መስኮቱ አዘነበለችው። ፓኔሉን አውጥታ አበራች፤ የኩታውን ልስላሴ ሁሉ ገድሎ የራሱን ነጭ ፊት ላይ ለጠፈበት፤ አጠፋችው።

«እኔ ነኝ ችግሩ?» አለ አቢ።

«አይደለህም። ዓይንህ ውስጥ ብርሃን የለም።»

«ቁርስ ሳልበላ ስለመጣሁ ይሆናል።»

አልሳቀችም። ይኸው ቦታ፣ ይኸው ሰዓት፣ ማስተዋልን አስቀምጣ ብዙ ሙከራ ቀርጻለች፤ በዚያ ሁሉ ሙከራ የጨለመ ዓይን አይታ አታውቅም። ካሜራው ውስጥ ያሉትን የድሮ ሙከራዎች ከፈተች። እውነትም ነጥቧ አለች፤ በሁሉም ላይ አለች። ታዲያ ምንድን ነው የተለወጠው? ጉንጩን አየች፣ ግድግዳውን አየች፣ የአፍንጫውን ጥላ አየች፤ ጀማሪ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ነውና የሚያየው፣ እስከዛሬም ያየችው እነዚህን ብቻ ነበር። አሁን ማስተዋል ወዴት እንደሚያይ አየች።

በሩን አልነበረም የሚያየው።

በሩ በስተቀኝ ነው። እሱ የሚያየው ወደ ግራ ዝቅ ብሎ ነው። በመጀመሪያው ሙከራ ወደ ግራ፣ በሚቀጥለውም ወደ ግራ፣ አንድ በአንድ ብታሳልፈው ሁሉም ወደ ግራ። በስተግራ ደግሞ መስኮቱ ሥር ካለችው በርጩማ በቀር ምንም የለም። ምስሉን አጎላችው። ብሌኑ ላይ ያለችው ነጭ ነጥብ የፎሙ መልክ ናት። ነጥቧ ላይ ደግሞ ትንሽ ጥቁር ነገር ጎንበስ ብሏል። የራሷ ራስ ነው።

ልዕልት ምስሉን ዘጋችው። ደስታም ነበር፣ ፍርሃትም ነበር፤ ከሁሉ በላይ ግን ያ ሁሉ ጠዋት በከንቱ ማለፉ ቆጫት። ቀና ብላ ቢሆን ኖሮ!

«ማስተዋል፣ ና ተቀመጥ።»

«አቢ መጥቶ የለ?»

«ና ስልህ። ብርሃኑ ጠፍቶብኛል።»

አቢ ተነሣለት። ማስተዋል ተቀመጠ።

«በሩን ተመልከት።»

ተመለከተ። በእውነት በሩን ተመለከተ። ዓይኑ እንደ አቢ ዓይን ጨለመ።

«አየህ? አንተም ላይ የለም» አለች ልዕልት። «ከዚህ በፊት ግን ነበር። አሁን ደግሞ እንደ ወትሮው ተመልከት።»

ማስተዋል አልተንቀሳቀሰም። እስከ ጆሮው ሥር ቀላ። አቢ አንዱን አየ፣ ሌላዋን አየ። «እኔ ቁርሴን ልብላ» ብሎ ወጣና ከእማማ ለተ ማርያም ሰሌን አጠገብ ተቀመጠ። በሩ እንደተከፈተ ቀረ።

«ስንት ጊዜ በሩን ተመልከት አልሁህ?»

«ሁልጊዜ ትዪኛለሽ።»

«ምነው ታዲያ አልሰማኸኝም?»

ማስተዋል እጆቹን ጉልበቱ ላይ አጋጠመ። «አንቺ ቀና አትዪም ነበር» አለ። «ካሜራው ውስጥ ነበርሽ። ቀና ካላለች ማን ያየኛል ብዬ ነው። ከዚህ ውጭ የትም ላይሽ አልችልም። መንገድ ላይ ዲያቆን ነኝ፣ ቤት ውስጥ የየኔታ ልጅ ነኝ። እዚህ ግን እንድቀመጥ ያዘዝሽኝ አንቺ ነሽ።»

«ካሜራው ያይህ ነበር እኮ።»

«ካሜራው የሚያየው ብርሃኑን ነው ብዬ ነዋ። እኔማ መሞከሪያ ነበርሁ።»

ቃሉን ያለ ምሬት ነው የተናገረው፤ ለዚያ ነው ይበልጥ የጎዳት።

«ያን ያልሁት ፈርቼ ነው» አለች። «ምንዳዬ ፒያሳን እንዳያዳርሰው። አንተን ለማዳን መስሎኝ አዋረድሁህ። ይቅር በለኝ።»

«ይፍታሽ የሚለው ቄሱ ነው፤ እኔ ገና አልቀሰስሁም» አለና ፈገግ አለ። ፈገግታው ግን አልቆየም።

«እሑድ ሽማግሌ ይሄዳል አሉ።»

«ይሄዳል።»

«አንተ ምን አልህ?»

«ምንም። አባባን እምቢ ብዬ አላውቅም። ልጅቱን አይቻት አላውቅም፤ ሸጋ ልጅ ናት ይላሉ። ደብሩ ቄስ ይፈልጋል፣ አባባ ደክመዋል። ዝም ስል ተስማማ አሉ።»

«አንዴ ነው አይደል የምታገባው?»

«አንዴ ነው።»

«እንግዲያው የምታያትን አግባ» አለች ልዕልት። እንባዋ መጥቶ ነበር፤ አልጠረገችውም። «የእንፍራንዟ ልጅ ምን በደለች? ዕድሜዋን ሙሉ በሩን ከሚያይ ሰው ጋር ምን አስቀመጣት?»

«አንቺስ? የዶክተሮች ልጅ የቄስ ሚስት ስትሆን ሰው ምን ይልሻል? ሥራሽስ?»

«ሰው የፈለገውን ይበል። ካሜራዬን አልተውም፤ ይኸን ካሁኑ ዕወቅ። ጾሙም ይከብደኛል፣ አልዋሽህም። ግን እወድሃለሁ ማስተዋል። ይኸን ደግሞ እየሞከርሁ አይደለም።»

ያን ጊዜ ነው ቀና ብሎ ያያት። ልዕልት ካሜራው ውስጥ አልነበረችም፤ ፎሙ ግን ጭኗ ላይ ነበር፣ ነጥቧም መጣች። ይኸን ፊት ስንት ጠዋት ስታስተካክል ኖራ አንድም ቀን እንዳላየችው ያን ጊዜ ገባት።

ከደጅ ጉሮሮ ሲጠረግ ተሰማ።

መሪጌታ ኪዳነ ማርያም በሩ ላይ ቆመዋል። ረጅም ናቸው፤ የቤታቸውን ጉበን ለማለፍ ሁልጊዜ አንገታቸውን ይሰብራሉ። ተዋናዩ ውጭ ቁርስ ሲበላ፣ ልጃቸው ተዋናዩ ቦታ ላይ ተቀምጦ፣ ቀራጯ ደግሞ ስታለቅስ አዩ።

«ይኸ ደግሞ በፊልሙ አለ?» አሉ።

ማስተዋል ተነሣ። «የለም አባባ።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

ልዕልት የማስተዋልን እጆች አየች። አባቱን እምቢ ብሎ የማያውቅ ሰው እጆች ናቸው፤ አንዱ አንዱን ይዞታል። ዝም ካለ ነገ ሽማግሌው ይሄዳል፣ የእንፍራንዙ ቄስ እሺ ይላል፣ ከዚያ ወዲያ ማንም ምንም ማለት አይችልም።  ስለሱ ልትናገርለት አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው። ይኸ የሱ ነው።

«አባባ፣ ሽማግሌዎቹ ነገ እንፍራንዝ አይሂዱ» አለ ማስተዋል።

ደጅ ላይ ጌሾው መንኮሻኮሹን አቆመ።

«የት ይሂዱ?»

«ማራኪ።»

መሪጌታ አንገታቸውን ሰብረው ገቡ። መስኮቱን አዩ፣ የክት ኩታቸውን አዩ፣ ጠርዙ የተሰፋውን ፎም አዩ። ስፌቱን ዐወቁት፤ ልጃቸውን ድጉሰት፣ የብራና መጽሐፍ ስፌትና ልባስ፣ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ልዕልትን አዩ።

«አንቺ ልጅ፣ ትጾሚያለሽ?»

«ረቡዕና ዓርብን እጾማለሁ የኔታ። ዐቢይ ጾምን ጀምሬ ያቋረጥሁበት ዓመት አለ። ሌላውን እለምዳለሁ እንጂ ዐውቃለሁ ብዬ አልዋሽዎትም።»

«ይኸንንስ?» አሉ በአገጫቸው ወደ ካሜራው እያመለከቱ።

«እሱን አልተውም።»

«ተይ ያለሽ የለም፤ ጠየቅሁ እንጂ።» ወደ ልጃቸው ዞሩ። ድምፃቸው ጠጠረ። «ነገ ከሰዓት ብትነግረኝ ኖሮ የሰው ልጅ ታዋርድብኝ ነበር። አፍ ሳይከፈት መናገርህ ደግ ነው። ግን ምነው እስከዛሬ?»

«እምቢ ማለት አላውቅበትም አባባ።»

«አሁን ያልኸው ምን ሊሆን ነው?»

እማማ ለተ ማርያም እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ በሩ ላይ ብቅ አሉ። «እኔማ» አሉ፣ ለማንም እንደማይናገሩ ሆነው፣ «የየኔታን የክት ኩታ ለመስኮት የሰጠሁት ዝም ብዬ መስሏችኋል?»

መሪጌታ ሚስታቸውን አዩ። ሁሉም ሰው ከሳቸው ቀድሞ እንዳወቀ ያን ጊዜ የተረዱ ይመስላል፤ ትንሽ ተቀየሙ፣ ትንሽም ሊስቁ ቃጣቸው።

«ኩታዬን አውርዱልኝ» አሉ። «የሽማግሌዎቹ አለቃ ቄሰ ገበዙ ዘንድ ልሂድ፤ ለእንፍራንዝ ተነሡ ብያቸው ነበር፣ መንገዱ ተለውጧል ልበላቸው። እኔም አብሬያቸው እሄዳለሁ። የእሷ አባት እምቢ የሚሉ ከሆነ በሽማግሌ አፍ ከምሰማው ራሴ ብሰማው ይሻለኛል።»

«መጀመሪያ ይጮኻል» አለች ልዕልት ሳታስበው። «ከዚያ ግን ምሳውን ይበላል።»

«እንግዲያው ከምሳ በፊት እንደርሳለን።»

ማስተዋል መደቡ ላይ ወጥቶ ኩታውን ከመስኮቱ ነቀለው። መሪጌታ ተቀብለው ዘረጉት፤ ሚስማሩ የያዘበት ጠርዝ ሁሉ ተጨማድዷል። ለባለቤታቸው አቀበሏቸው።

«ለቄሰ ገበዙ በነጠላዬ እሄዳለሁ። ይኸን እጠቢና ለነገ አድርሺልኝ። ማራኪ እንዲህ ተጨማድዶ አይኬድም።»

አንገታቸውን ሰብረው ወጡ። አቢ ከደጅ «ልግባ ወይስ ፊልሙ ቀረ?» ብሎ ተጣራ።

ኩታው የተነሣበት መስኮት ፀሐይዋን እንዳለች አስገባት። ማስተዋል መሀል ብርሃኑ ላይ ቆሟል። ግንባሩ ነጥቷል፣ ከአፍንጫው ሥር ጥቁር ጥላ ወርዷል፣ አንዱ ዓይኑ ከብርሃኑ ብዛት ተጨፍኗል፤ ጀማሪ አታድርግ የሚባለው ነገር ሁሉ ፊቱ ላይ ነበር።

ልዕልት ፎሙን መሬት ላይ አስቀመጠችው። ምንም አላስተካከለችም።